ቀይ ክርና ነጭ ክር

አንዲት ሴት ማንጎ ታደርቅ ነበር።

የምትኖረው በአባያ ሐይቅ ዳርቻ ባለች አንዲት የቆላ መንደር ነው። በመንደሯ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ማኅበር መሥርተዋል። ማንጎ ይልጣሉ፣ በስሱ ይቆርጣሉ፣ በሽቦ ወንፊት ላይ ይደረድራሉ፣ ከዚያም በላስቲክ ቤት ውስጥ ያደርቃሉ። የዚህች ሴት ድርሻ የመጨረሻው ሥራ ነበር። በወንፊቶቹ መካከል እየዞረች አንዷን ቁራጭ ታነሣለች፣ ታጥፋታለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋታለች። «ደረሰ» ካለች ይነሣል። «ገና ነው» ካለች ማንም አይነካውም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ስሟ ባሎቴ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር?

ችግሩ ዝናብ ነበር። በዚያ አገር ማንጎ የሚደርሰው በሚያዝያ ነው፤ በልጉም የሚዘንበው በሚያዝያ ነው። የተቆረጠ ማንጎ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። የሚያዝያ ሰማይ ደግሞ ለሦስት ቀን አይታመንም። ባለፈው ዓመት የማኅበሩ ማንጎ ግማሹ ወንፊት ላይ እንዳለ ሻገተ። ግማሹ፣ ወገኖቼ! በአካፋ እየዛቁ ጉድጓድ ውስጥ ደፉት። «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ማኅበሩ ይፍረስ፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን መላ እንፈልግ» ተባባሉ።

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ፌበን ትባላለች። በአይሱዙ ላይ አንድ ከባድ ማሽን ጭና ነው የመጣችው። ማሽኑን ስታዩት ወፍራም የብረት በርሜል ነው፤ ውስጡ ውሃ አለ። የተቆረጠውን ማንጎ በፕላስቲክ ከረጢት ያደርጉና አየሩን አውጥተው ያሽጉታል። ከረጢቱን ውሃው ውስጥ ይከቱታል። ክዳኑን ይቆልፋሉ። ከዚያ ማሽኑ ውሃውን በታላቅ ኃይል ይጫነዋል፤ አምስት ደቂቃ ብቻ። በመጨረሻም ከረጢቱን ያወጣሉ።

ማንጎው ምን ሆኖ ወጣ?

ምንም። ሲገባ እንደነበረው ሆኖ ወጣ። ቢጫነቱ ያው፣ ቅርጹ ያው።

«ይኼው ነው?» አለች ባሎቴ።

«ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«ምን አደረገው ታዲያ?»

«ውስጡን ነው የከፈተው» አለች ፌበን። «ፍሬው ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን የውሃ ቋቶች አሉ። የእነሱ ግድግዳ ሲላላ ውሃው ፀሐይ ላይ ቶሎ ይወጣል። ሦስት ቀን የሚፈጀው በአንድ ቀን ተኩል ይደርቃል። መልኩም እንደ ወትሮው አይጠቁርም።»

«ይህን ያህል ከተጫነው ለምን አልተጨፈለቀም?»

«ውሃው ከሁሉም በኩል እኩል ስለሚጫነው ነው። ከአንድ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይፈርጥ ነበር።»

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችሁ አሁን ስብከቱን የጨረሳችሁልኝ ይመስለኛል። «ገባን፣ ስለ መከራ ሊነግረን ነው፤ እግዚአብሔር ከሁሉም በኩል ይዞን ስለሆነ አንጨፈለቅም ሊለን ነው» እያላችሁ ነው። ጥሩ ስብከት ይወጣው ነበር። እኔ ግን ዛሬ ስለ ማንጎው አልናገርም። የምናገረው ማንጎውን ቆማ ስለምታየው ሴት ነው።

ባሎቴ አላመነችም። ማንጎው ተጨፍልቆ ቢወጣ ኖሮ ታምን ነበር። ጠቁሮ ቢወጣም ታምን ነበር። ምንም ያልሆነ መስሎ መውጣቱ ነው ልቧን የቆረቆራት። ዐይን በማያየው ቦታ ምን ተደረገ? ማን አየ? ይህች ልጅስ ማሽኑን ይዛ ከዚያ ሁሉ መንገድ የመጣችው ለእኛ ብላ ነው?

እሷ ብቻም አልነበረችም። ዳርምየለሽ የምትባል ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት ነበረቻት። «እኔ ልንገራችሁ» አለች ዳርምየለሽ። «ጣዕሙን መጥጦ እያስቀረ ነው። እኛ ገለባውን እንሸጣለን፣ እነሱ ከተማ ላይ ጁስ ይጠጣሉ!»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኦይቻ በርሜሉ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። «ውሃው እኮ ንጹሕ ነው፣ ዳርሜ። ጣዕሙን መጥጦት ቢሆን ኖሮ ቢጫ አይሆንም ነበር?»

«እሱማ እንዲነቃባቸው ይፈልጋሉ እንዴ!»

ሁሉም ሳቀ። ባሎቴም ሳቀች። ልብ በሉልኝ፤ ውሃው ቢጫ ቢሆን ማስረጃ ነው፤ ንጹሕ ቢሆንም ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ በምን ትመልሱታላችሁ?

ጋሽ ኦይቻ ግን ባለፈው ዓመት የሻገተው ማንጎ ከዐይናቸው አልጠፋም። «እንሞክረው» አሉ። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ማንጎ በአንድ ቢላ ተቆረጠ። ግማሹ ማሽኑ ውስጥ ገባ፤ ግማሹ አልገባም። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ወንፊት ላይ ተሰጡ። ማሽን የገባው ወንፊት ላይ ቀይ ክር ታሰረ፣ ማሽን ያልገባው ላይ ነጭ ክር። ሰኞ ከሰዓት ማኅበሩ ተሰብስቦ ያያል። ባለ ቀዩ ቀድሞ ከደረቀ ማሽኑ ዘንድሮ እዚያው ይውላል። ካልሆነ ለሌላ መንደር ይሰጣል፤ የሚጠብቅ መንደር አለ። ስምምነቱ ይህ ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባሎቴ አንድ ነገር አየች። ፌበን ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ገብታ የሁለቱን ወንፊቶች ቦታ ቀያየረች። በበሩ በኩል የነበረውን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ በሩ። ከዚያ ሁለቱንም በሚዛን መዝና ቁጥር ጻፈች፤ ወጣች።

«ያዝኩሽ!» አለች ባሎቴ በልቧ።

ለምን ትቀያይራቸዋለች? ለማሽኑ ማንጎ የተሻለ ቦታ እየፈለገችለት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ወገኖቼ፣ ፌበን የቆመችው ከእሷ አሥር እርምጃ ርቃ ነበር። «ልጄ፣ ይኼን ለምን አደረግሽ?» ለማለት አሥር እርምጃ መሄድ ይበቃ ነበር። ያንን አሥር እርምጃ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የምነግራችሁ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አልሄደችም። የሚጠረጥር ሰው መጠየቅ አይወድም። ከጠየቀ መልስ ሊያገኝ ነዋ!

እሑድ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ወደ ጸሎት ቤት ሄደ። ባሎቴ «ራሴን አሞኛል» ብላ ቀረች። እዚያ መዝሙር እየተዘመረ ነው፤ ድምፁ ይሰማታል። እሷ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ገባች። ቀዩን ክር ፈታች። ነጩን ክር ፈታች። ቀዩን በነጩ ቦታ፣ ነጩን በቀዩ ቦታ አሰረች።

ሐሳቧ እንዲህ ነበር፦ «ልጅቷ የምታዳላው ለቀዩ ክር ነው። እንግዲህ ታዳላ! ከአሁን በኋላ የምታዳላው ለእኛ ማንጎ ነው። ተንኮሏ በራሷ ላይ ይዞራል።»

ይህን ስታደርግ ልቧ አልፈራም። ለእውነት የቆመች ነበር የመሰላት።

እሑድ አመሻሽ ላይ ፌበን እንደ ልማዷ ወንፊቶቹን መዘነች። ወረቀቷን አየች። እንደገና መዘነች። ባለ ቀዩ ወንፊት ከትናንት ማታው ክብደት ጨምሯል። ፀሐይ ላይ የዋለ ማንጎ ክብደት ይጨምራል? በየትኛው አገር?

ፌበንም ጠረጠረች። አትጠርጥር ትሏታላችሁ? እኔ አልላትም። በዚያ ቀን ከጸሎት የቀረችው ማን እንደሆነች ታውቃለች። ነገር ግን ወደ ጋሽ ኦይቻ አልሮጠችም፣ ለዳርምየለሽም አላወራችም። ባሎቴን ብቻዋን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እትዬ ባሎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«እነዚህን ወንፊቶች ነክተዋቸዋል?»

«እኔ?» ባሎቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። ትናንት መጥተሽ ዛሬ ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

«አይደለም። ቁጥሩ አልገጠመልኝም፤ ለዚያ ነው የጠየቅሁት። አልነካሁም ካሉኝ አምናለሁ።»

«አልነካሁም።»

«እሺ፣ እትዬ። አምኛለሁ።»

ባሎቴ የዚያን ቀን ራት አልበላችም። ብትሰደብ ኖሮ ትበላ ነበር። «አምኛለሁ» የሚለው ቃል ነው ጉሮሮዋ ላይ የቀረው።

ሰኞ ከሰዓት ሁሉም ተሰበሰበ። «ባሎቴ፣ እስቲ እዪልን» አሉ ጋሽ ኦይቻ።

ባሎቴ መጀመሪያ ባለ ቀዩን አነሣች። እርጥብ ነው፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ቀጥላ ባለ ነጩን አነሣች። አጠፈችው። ጫን አደረገችው። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ቀመሰችው፤ ጣዕሙ አልጠፋም። ቀለሙ ገና እንደተቆረጠ ያበራል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሁለት ቀን ተኩል እንዲህ የደረቀ ማንጎ በእጇ ይዛ አታውቅም።

ባለ ነጩ የቱ ነው? እናንተ ታውቃላችሁ። እሷም ታውቃለች። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

«ባለ ነጩ ደርሷል» አለች። 

ዳርምየለሽ እልል አለች! «አላልኳችሁም? የእኛ እጅ ከብረቱ አይበልጥም?» ሴቶቹ ባሎቴን አቀፏት። «አንቺ ባትኖሪ ሸውደውን ነበር» አሏት። ጋሽ ኦይቻ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ፌበን ወረቀቷን አጠፈች። «ቁጥሬ አልገጠመልኝም። እባካችሁ አንድ ጊዜ እንደገና እንሞክር» አለች።

«የተሸነፈ ሁሉ እንደገና ይላል!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

እስቲ ራሳችሁን በባሎቴ ቦታ አድርጉ። ፈራች እንጂ አልሳቀችም። የጠረጠረችው ሁሉ ውሸት ሆኖ አገኘችው። ልጅቷ አላዳላችም፤ አዳልታ ቢሆንማ ባለ ቀዩ ይደርቅ ነበር። ማሽኑም ጣዕም አልመጠጠም፤ ቀምሳዋለች። መልሱን በገዛ እጇ አገኘችው። አሁን ግን መልሱን የምትናገረው በራሷ ላይ ነው። ካልተናገረች ማሽኑ ይሄዳል፣ ዝናቡ ይመጣል፣ የአሥራ ሁለት ቤተሰብ ማንጎ እንደ አምናው ይሻግታል፣ ማኅበሩም ይፈርሳል። ከተናገረች ደግሞ ማን ትባላለች?

ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ አይሱዙው ላይ ሲጫን ባሎቴ መኪናው ፊት ሄዳ ቆመች።

«አውርዱት» አለች።

«ምን ሆነሻል?» አሉ ጋሽ ኦይቻ።

«ክሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሑድ፣ ሁላችሁም ጸሎት ላይ ሳላችሁ። የደረቀው የማሽኑ ነው። ፌበን ጠይቃኝ ነበር፤ ዋሸኋት።»

 አሁን ይቅር ሊሏት፣ ሊያመሰግኗት ይመስላችኋል አይደል? እኔም መጀመሪያ ስሰማው እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ዳርምየለሽ ወገቧን ያዘች። «ምን ሰጠችሽ?»

«ምን?»

«ልጅቷ ናታ! ትናንት 'ደርሷል' ያልሽ ሴት ዛሬ የተገለበጥሽው በነፃ ነው? ምን ቃል ገባችልሽ?»

«እውነቴን ነው፣ ዳርሜ!»

«ትናንትም እውነት ነው ብለን ተቀብለንሽ ነበር።»

ባሎቴ ወደ ጋሽ ኦይቻ ዞረች። ጋሽ ኦይቻ መሬት መሬት ያያሉ። ትናንት ያቀፏት ሴቶች ራቅ ብለው ቆመዋል። አያችሁ? ሳምንቱን ሙሉ አብረው ሲያበስሉት የሰነበቱት ጥርጣሬ ነው፤ አሁን ለእሷ ቀረበላት። ውሸቷን በእልልታ የተቀበሉ ሰዎች እውነቷን አልተቀበሉም።

ፌበን ብቻ መጣችና አጠገቧ ቆመች። አልወቀሰቻትም። «ሦስት ቀን ልቆይ» አለች ለጋሽ ኦይቻ። «ሌላ ሰው ባይፈልግም የእሳቸውን ማንጎ እንሥራ።»

የባሎቴ ማንጎ በዚያው ቀን ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ተሰጣ። የአሥራ አንዱ ቤተሰብ እንደ ዱሮው ያለ ማሽን ተሰጣ። ረቡዕ እኩለ ቀን አልፎ ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ ኦይቻ ራሳቸው ገብተው የባሎቴን ማንጎ አጠፉ፤ የእሷን እጅ ማመን ትተው ነበርና።  እንደገና ሌላ አንሥተው አጠፉ።

«ደርሷል» አሉ።

የሌሎቹስ? ጋሽ ኦይቻ ጣታቸውን ልብሳቸው ላይ ጠረጉ። 

ከዚያ ዘነበ። ረቡዕ ዘነበ፣ ሐሙስ ዘነበ፣ ዓርብ ዘነበ። ባሎቴና ፌበን ከላስቲክ ቤቱ በር ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ከውስጥ የሻጋታ ሽታ መምጣት ጀምሯል።

«ልጄ» አለች ባሎቴ፣ «ያን ቀን የወንፊቶቹን ቦታ የቀያየርሽው ለምን ነበር?»

«አንዱ ከሌላው የበለጠ ፀሐይ እንዳያገኝ ነዋ፣ እትዬ። እኩል እንዲሆኑ ብዬ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል ዳርምየለሽ ከዛፉ የቀረውን ማንጎ በሳፋ ተሸክማ መጣች። ፊቷን አዙራ ሳፋውን ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠች። «ምንም እንዳትናገሪኝ» አለች ባሎቴን። ባሎቴም ቁጭ ብላ መላጥ ጀመረች። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። ማኅበሩ አልፈረሰም፤ የመጀመሪያው ለቀማ ግን ጉድጓድ ገባ። የአሥራ አንድ ቤተሰብ ድካም። ባሎቴም ዛሬ ድረስ ትልጣለች እንጂ «ደረሰ» የሚሉት ጋሽ ኦይቻ ናቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ መጠርጠር ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምራችሁም። የሚያታልል ሞልቷል። በዚህች ከተማ ውስጥ የመጣውን ሁሉ የሚያምን ሰው ቤቱ ባዶ ይቀራል። ፌበንም ጠርጥራ ነበር። ነገር ግን የፌበን ጥርጣሬ በእግሩ ሄዶ ባሎቴ ፊት ቆመ፤ ጠየቀ፤ መልስ ሲሰጠውም ተቀበለ። የባሎቴ ጥርጣሬ ግን ሁሉም ጸሎት ላይ ሲሆን ተደብቆ ገባ።

የእኛ የትኛው ነው?

ባልሽ ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ወጣ። ለምን እንደወጣ ጠይቀሽዋል? ወይስ ተኝቶ እያለ ስልኩን ትበረብሪያለሽ? ወንድምህ የእናትህን ቤት አጥር አሳደሰ። ምን አስቦ እንደሆነ ጠየቅኸው? ወይስ ለአክስትህ ነግረህ ጨረስህ? ከእናንተ መካከል አብረን እያመለክን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር የማትነጋገሩ አላችሁ። «ለምን?» ብላችሁ ብትጠየቁ አንድ ቀን ሲያደርግ ያያችሁትን ነገር ትናገራላችሁ። አይታችሁታል፤ አልዋሻችሁም። ግን ለምን እንዳደረገው እሱን ጠይቃችሁታል?

ደግሞም ከዚህ የሚከብድ አለ። ምናልባት መልሱን አግኝታችሁታል። ምናልባት የጠረጠራችሁት ሰው ንጹሕ እንደሆነ ካወቃችሁ ወር አልፏችኋል። ያኔ ስሙን ያጠፋችሁት በሰው ፊት ነበር፤ አሁን እውነቱን የያዛችሁት በሆዳችሁ ነው። ለምን? ሰው ስለሚያመሰግናችሁ ነው? «አንተ ባትኖር ሸውዶን ነበር» ስለሚሏችሁ ነው? ባሎቴ አንድ ቀን ብቻ ነው የዘገየችው። አንድ ቀን ዘግይታ እንኳ የሚያምናት አጣች። ወር የዘገያችሁስ?

ስታወሩት ላያምኗችሁ ይችላሉ። ይህን አልደብቃችሁም። ምን ሰጠህ ይሏችኋል። ቢሆንም ተናገሩ፤ እግዚአብሔር እውነቱን የሚያውቀው እነሱ እስኪያምኑ ጠብቆ አይደለም።

ይህን ስናገር የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ የመጣ አላችሁ። አውቃለሁ፤ ወደ እኔም መጥቷል። ያ ሰው ዛሬ እዚህ ይሆናል፤ ምናልባት ከፊታችሁ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጧል። አሁን ቆመን እንጸልያለን። ጸሎቱ አጭር ነው። «አሜን» ስንል ሁሉም ወደ በሩ ይሄዳል።

እሱ ሳይወጣ ድረሱበት።